ሰባ አራት ነጥብ ያለው ፈታሽ

የእህቴ ባል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቦርሳ ሲበረብር የኖረ ሰው ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ነው። የአየር ማረፊያ ፈታሽ ነው። እኔንም እዚያው ያስቀጠረኝ እሱ ሲሆን አሥራ አራት ዓመት አንድ በር ላይ አብረን ቆመናል። ባልደረቦቻችን «ጋሽ ጠርጥር» ይሉታል፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም መሀል አይጠፋም ስንጥር» የምትለዋን ተረት በቀን አንዴ ሳይናገር ስለማይውል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። በሆዴ ግን ሌላም ብዙ ስም አውጥቼለታለሁ፤ አብሮት ለሠራ ሰው ይፈቀዳል።

ጋሼ ከፈረቃው አርባ ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፤ እህቴ ኮሌታውን ታሳርርብኛለች ብሎ ስለማያምናት። ከቤት ሲወጣ በሩን ቆልፎ ሦስት ጊዜ ይገፋዋል፣ ደረጃውን ወርዶ ደግሞ ይመለስና አንዴ ይጨምራል። የመጀመሪያ ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣው ወጣት የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ ሲገባ፣ ጋሼ ከወንበሩ ሳይነሳ «ይሄን ዕቃ ራስህ ነህ ያሸግኸው?» ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ ደንግጦ «አይ፣ ሱቅ ውስጥ ነው ያሸጉልኝ» አለ። እህቴ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ሳቋ አያባራም። ጋሼ ግን ወጣቱ እውነቱን ስለተናገረ፣ ልጄን እሰጠዋለሁ ብሎ የቆረጠው ያን ቀን ነው።

ያቺው ጥያቄ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ነበረች። «ቦርሳዎን ማን ነው ያሸገልዎት?» ይላል መንገደኛውን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው። ከዚያ አፉን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። «አፍ ውሸት እየለመደ ያድጋል፣ እጅ ግን ትምህርት ቤት አልገባም» ይለኛል። አንዴ አንዲት ወጣት «ራሴ ነኝ» ብላው ጣቶቿ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዝ ለቀቅ ሲያደርጉ አያቸው። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ ሰጣት፣ ከዚያ ነው ቦርሳዋን የከፈተው። የእጮኛዋ ወንድም ለዘመድ አድርሺልኝ ብሎ በሰጣት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የነበረው የወተት ዱቄት አልነበረም። ልጅቷ ያለቀሰችው እሱ ትከሻ ላይ ነው።

እንዲህ ስንሠራ ሌላ አገር፣ ሌላ አየር ማረፊያ ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ። ብዙ ሰው አለቀ። የእኛም መንግሥት በሦስት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ሁለት ገጽ አዲስ መመሪያ አወጣ። ጋሼ ሁሉንም ገጽ አነበበ፤ ከእሱ በቀር ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ የጻፉትንም ጨምሮ። ጨርሶ መነጽሩን አወለቀና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ።

መመሪያው እንዲህ ይላል። ፈታሽ ከመንገደኛ ጋር «ጫማ ያውልቁ» ከማለት ሌላ ወሬ አያውራ። ፊት እያየ አይምረጥ፤ በሩ ላይ የተተከለው ቆጣሪ ሰባተኛ ያለውን ሰው ብቻ ለይቶ ይፈትሽ። የጥፍር መቁረጫ፣ የሽቶ ጠርሙስ፣ የሕፃን ማንኪያ ሳይቀር ይወረስ። በዚያው ልክ ደግሞ ነጭ ካርድ የሚባል ነገር መጣ። መንግሥት «የታመኑ መንገደኞች» ብሎ ለመረጣቸው ሰዎች የሚሰጠው ካርድ ነው። እሱን የያዘ ሰው ጫማ አያወልቅም፣ ቆጣሪውም አይነካውም፤ ቦርሳውን በማሽኑ አሳልፎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ቀን ሰባተኛ ሆነው የወጡት በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ለማየት ነው የሚሄዱት። እኔ ነኝ የፈተሽኳቸው። ጫማቸውን አስወልቄ፣ ምርኩዛቸውን ወስጄ፣ እጃቸውን አስዘርግቼ ሳቆማቸው እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በጎናቸው ነጭ ካርድ ያለው ሰውዬ በስልክ እያወራ አለፈ። ጋሼ መጥቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና የእናትየዋን ጫማ አሰረላቸው። በመመሪያው መሠረት ይህም ክልክል ነው። ለዚህችም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው።

እኔና ጋሼ በመንግሥት ነገር ተስማምተን አናውቅም። እሱ የድሮ ሰው ነው፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አንድ ጥሩ ነገር እንደሞተ ነው የሚቆጥረው። ድሮ፣ ድሮ ሲል እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል። እኔ ደግሞ ሕግ ለሁሉም እኩል ቢሆን ምን አለበት ባይ ነኝ፤ ፊት እያየ የሚመርጥ ፈታሽ ሁሉ እንደ እሱ ጨዋ አይደለም፣ በመልኩ ብቻ የተንገላታ ስንት ሰው አይቻለሁ። ይህን ስለው «ልክ ነሽ፣ ባለጌ ፈታሽ አለ» ይለኛል። «ባለጌውን ያባርሩታ። የሁላችንን ዓይን ለምን ያጠፉታል?»

ከሚኒስቴሩ አንዲት ሴትዮ መጥታ ስለ መመሪያው ስብሰባ ጠራችን። ቁጥር ትወዳለች፤ ግድግዳው ላይ በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ አበራችልን። ጥያቄ ያለው ስትል የጋሼ እጅ ወጣ። ከዚህ በፊት እጁን ሲያወጣ ስብሰባው ምሳ ሰዓት አልፎ ነው ያለቀው።

«የመንግሥት ሥራ አንድ ነው» አለ። «ነፍሰ ገዳዩን ከጨዋው ሰው መለየት። ያ ሲያቅተው ሁሉንም ሰው ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል፤ ሰነፍ አስተማሪ አንዱ ሲያጠፋ ክፍሉን በሙሉ እንደሚገርፈው። እኛ እዚህ ከአሮጊት ላይ ማንኪያ እንወርሳለን፤ በጓሮ በኩል ጽዳቱም ምግብ አቅራቢውም ባጁን አንጠልጥሎ ሳይፈተሽ ይገባል። ፊት ለፊቱን በአምስት ቁልፍ ቆልፈን ጓሮውን በገመድ አስረነዋል። ነጩን ካርድ ደግሞ ማን ነው ያመነው? እኔ አላመንኩትም።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ለሚሉት ነገር ማስረጃ አለዎት?» አለችው።

ጋሼ ማስረጃ አልነበረውም፤ ዓይን ብቻ ነው ያለው። እቤቱ ገብቶ በእጅ ጽሑፍ አራት ገጽ ጻፈላቸው። «ጥቆማዎ ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር መልስ መጣለት። ሁለተኛ ጻፈ። ያው መስመር መጣ። እህቴ «ከግድግዳ ጋር ተጋባህ ወይ?» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈ።

አሁን ወደ ነጥቡ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ነው።

ኤክስሬዩ ፊት የተቀመጠ ሰው እንዳያንቀላፋ ተብሎ፣ ማሽኑ ራሱ በሰው ቦርሳ ምስል ላይ የውሸት ምስል ይጨምራል፤ ሽጉጥ፣ ቢላ ወይም ፈንጂ። ቦርሳው ውስጥ ምንም የለም፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው ያለው። ፈታሹ አይቶ ቀዩን ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ድው ይልና «ጎበዝ፣ ሙከራ ነበር» ብሎ ጽፎ ምስሉን ያጠፋዋል። ድሮም ነበረ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። አዲሱ መመሪያ በሰዓት ሃያ አደረሰው። በዚያ ላይ ነጥብ መጣ። ስንቱን ያዝክ፣ በስንት ሰከንድ ያዝክ ተብሎ በየወሩ ከመቶ ይሰጥሃል። ከሰማንያ በታች የሆነ ከማሽኑ ይነሳል። ሦስት ወር ከቀጠለ ኮሚቴ ይቀርብና «ለጸጥታ ሥራ ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይሰናበታል።

እኛ ደግሞ ሞኝ አይደለንም። የውሸቶቹ ምስሎች አርባ ናቸው፤ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ጎረቤት ለየናቸው፣ ስምም አወጣንላቸው። ረጅሙ ቢላ «ወሬኛ» ነው፣ ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ። ሽጉጡ «አማች» ነው፣ ሳይጠሩት ስለሚመጣ። «አማች መጣ» እንልና ቀዩን እንጫናለን፤ ድው እስኪል ሳንጠብቅ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭነን ዕቃ የሚያሳልፈውን ላስቲክ እንነዳዋለን። አንዷ ሰከንድ ነጥብ ናትና። የእኔ ነጥብ ዘጠና ስምንት ነበር። አልዋሽም፣ ኮርቼበት ነበር።

ጋሼ ይህን አልለምድም አለ። እያንዳንዱን ቦርሳ ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያያል። የውሸቷንም ይይዛታል፣ ግን በስድስት ሰከንድ፣ በስምንት ሰከንድ። «ይህ ማሽን የሚያስተምረን ራሱን ማሸነፍ ነው፤ ሌላ ምንም አላስተማረንም» ይላል። ነጥቡ ሰባ አራት ሆነ። በሚቀጥለው ወር ሰባ አራት። በሦስተኛው ወርም ያው ሰባ አራት፤ ግትርነቱ እንኳ በቁጥር ይታያል። ከማሽኑ ተነስቶ ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን ከወዲያ ወደዚህ እንዲመልስ ተመደበ። ኮሚቴ የሚቀርብበትም ቀን ተቆረጠ።

ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። ጡረታው በሕግ የተጠበቀ ነው፣ አይነካም። እሱን የገደለችው ያቺ የኮሚቴው ቃል ናት። አንድ ማታ እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «ሃያ ሰባት ዓመት ቆሜ መጨረሻዬ ‹ብቁ ያልሆነ› ሊሆን ነው» አለ። እህቴ የምትቀልድበት ነገር ፈልጋ አጣች።

ኮሚቴው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጧት፣ ማሽኑ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። መንገደኛው ብዙ ነው፣ የውሸት ምስሉም ይጎርፋል፤ ወሬኛ፣ አማች፣ ፈንጂ፣ እንደገና አማች። አንድ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ነጋዴ ነጭ ካርዱን አሳይቶ ቡናማ የእጅ ቦርሳ ላስቲኩ ላይ ጣለ። ስክሪኑ ላይ ሽጉጥ አየሁ። አማች መሰለኝ። ቀኝ እጄ ቀዩን ተጫነ፣ ግራ እጄ አረንጓዴውን ተጫነ፣ ቦርሳው ወጣ፣ ዓይኔ የሚቀጥለው ሻንጣ ላይ ነበር።

ድው የሚለው ድምፅ አልመጣም። የስክሪኑ ጥግ ላይ በቀይ «የሙከራ ምስል አይደለም» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። አነበብኩት፤ ገባኝም። ልጮህ ብዬ ግን ድምፅ አጣሁ። ሰውዬው እኮ የቦርሳውን እጀታ ይዞታል።

በዚያው ቅጽበት የአንድ ሰው መዳፍ ቦርሳው ላይ አረፈ። ጋሼ ነው። ሣጥኖቹን መሬት ላይ ጥሎ መጥቷል። «ይቅርታ ጌታዬ» አለው ረጋ ብሎ። «ቦርሳዎን ማን ነው ያሸገልዎት?»

«ሹፌሬ ነው መሰለኝ… ከመኪናው ውስጥ ነው ያነሳሁት» አለ ነጋዴው፤ የነጋዴው እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ምንም አያውቅማ። ቦርሳው ሲከፈት ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ተገኘ። ሰውዬው ሽብርተኛ አልነበረም። ፈቃድ ያለው የራሱ መሣሪያ ነው፤ መኪና ውስጥ የሚያኖረው ቦርሳ ውስጥ ረስቶት ነው። ሲያየው ከእኛ ሁሉ ይበልጥ እሱ ደነገጠ፤ ሱፉን ሳይል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፖሊስ መጥቶ ይዞት ሄደ። አውሮፕላኑ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሰላም ተነሳ፣ ውስጡ ያሉት ሰዎች አንዳቸውም ምንም ሳያውቁ።

ጋሼ ወደ እኔ መጣና ፊቴን አየ። «ውሃ ጠጪ» አለኝ።

ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሞላ ቅጽ አለ። «ምስሉ ታይቷል?» ይላል፤ ታይቷል። «ቀዩ ቁልፍ ተጭኗል?» ተጭኗል። «በስንት ሰከንድ?» ማሽኑ አንድ ሰከንድ ከሩብ ብሎ መዝግቧል። «ዕቃው ተይዟል?» ተይዟል። ቅጹን የሞላው ራሱ ጋሼ ነው፤ አንዲት የውሸት ቃል የለበትም። ላስቲኩን ማን ነዳው፣ ቦርሳውን በእጁ ማን አስቆመው የሚል ጥያቄ መመሪያው አልፈጠረም። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ልጄን ለብቻዬ ነው የማሳድገው፤ ሥራዬ ከሄደ የምሄድበት የለኝም። ያን ጊዜ በልቤ የነበረው ይኸው ብቻ ነው፣ ላሳምረው አልፈልግም።

በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፎቶዬ ተለጠፈ። «በአንድ ሰከንድ ከሩብ ውስጥ እውነተኛ መሣሪያ የለየች፣ የአዲሱ ሥርዓት ውጤት» ይላል፤ የምስጋና ደብዳቤው ከሚኒስቴሩ የመጣ ነው። ከፎቶዬ ሥር ሌላ ወረቀት አለ፤ ጋሼ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብበት ቀንና ሰዓት። የሥራ ባልደረቦቼ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «እሰይ የእኛ ጀግና» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሼ አለፍ ሲል ፎቶውን አየና «ጸጉርሽን አበላሽተውታል» አለኝ። ሣጥኑን ይዞ ሄደ።

ከሁሉ የባሰው የእህቴ መምጣት ነው። ኮሚቴው ነገ ሊሆን፣ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሸሚዙን በላስቲክ ከረጢት ይዛለች፤ ለነገ ከልብስ አጣቢ አምጥታለት ነው፣ ራሱ መተኮስ አቅቶታል። «አንቺ እኮ አሁን ተሰሚ ነሽ» አለችኝ። «የሚኒስቴሯ ሴትዮም አመስግናሻለች። አንድ ቃል ተናገሪለት። ዓይኑ ደክሞ ይሆናል በይ፣ እርጅና ነው በይ፤ ብቻ ያቺን ቃል እንዳይጽፉበት።»

እርጅና ነው በይ አለችኝ። የእሱ ዓይን ያዳነኝ እኔን ነው እኮ። ደሜ ፈላ፤ በእሷ አይደለም፣ በራሴ። ቤቴ ገብቼ ልጄን አበላሁ፣ አስተኛሁ፣ ከዚያ የምስጋናውን ደብዳቤ አውጥቼ ሳየው ቆየሁ። ስሜ በትልቁ ተጽፏል። እሱን ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ልጄን ጎበዝ ሁኚ ልላት ነው? በቃ፣ ቆረጥኩ።

ኮሚቴው የተቀመጠው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ማንም አልጠራኝም፤ አንኳኩቼ ገባሁ። የጸጥታ ኃላፊው፣ የሠራተኛ አስተዳደሩና ያቺ የሚኒስቴር ሴትዮ ተደርድረዋል። ጋሼ ለብቻው ከወዲህ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ «ያዩትን አይደብቁ» የሚል የመንግሥት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ ኃላፊው።

«ውጪ ጠብቂ» አለኝ ጋሼ፣ ቆጣ ብሎ።

«አልጠብቅም ጋሼ» አልኩት። ለኮሚቴው ዞሬ ተናገርኩ። «ያን ሽጉጥ የያዝኩት እኔ አይደለሁም። አየሁት፤ የውሸቱ መሰለኝ። ቁልፉን ተጭኜ ቦርሳውን ለባለቤቱ ላክሁለት። በሰዓት ሃያ የውሸት ሽጉጥ ስታሳዩኝ፣ እውነተኛው ሲመጣ እጄ አላወቀውም። ያስቆመው እሱ ነው፤ ድምፁ ሲቀር ሰምቶ፣ ሣጥን እያመላለሰ። ያ ምስጋና የእሱ ነው። ይኸው።» ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ጋሼ እጄን እያየ ነበር።

ኃላፊው ነው ቀድሞ አፍ የከፈተው። «አሁን የተናገርሽው ከሥራ ሊያሰናብትሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ካሜራ የለም እንዴ እዚያ?» አለች። አለ። ያን ያህል ቀን ማንም አላየውም፤ ቅጹ ሙሉ ሆኖ እያለ ማን ብሎ ያያል? አስመጣችና ኮምፒውተሩ ላይ ከፈቱት። ሣጥኖቹ ሲወድቁ፣ ጋሼ ሲራመድ፣ የነጋዴው ጣቶች እጀታውን ሲጨብጡ፣ መዳፉ ሲያርፍ ይታያል። እንደገና አሳየችን። ለሦስተኛ ጊዜ ቀስ አድርጋ አሳየችን። በሰውዬው መጨበጥና በጋሼ መዳፍ መሀል ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«በዚያ በረራ ላይ እናቴ ነበረች» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። «እርስዎ ለምን አልተናገሩም? ይህ እኮ ራስዎን ያድንዎት ነበር።»

«ቅጹ አልጠየቀኝም» አላት ጋሼ።

ሁለታችንንም አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። ጋሼ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ቢያባርሩኝም እተነፍሳለሁ አልኩ።

ሲጠሩን ሴትዮዋ ናት ያነበበችው። ጋሼ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ በመዝገቡ ላይ «ብቁ ያልሆነ» የሚል ቃል አይገባም። የውሸት ምስሉ በእኛ በር ወደ ቀድሞው፣ በቀን አራት ይወርዳል። ነጥቡም እንደገና እስኪጠና ድረስ ሰው አይባረርበትም። ቅጹ ላይ፣ ዕቃውን በእጁ ያስቆመው ማን ነው የሚል መስመር ይገባል። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ለሁለት ወር ከማሽኑ ተነስቼ ሣጥን አመላልሳለሁ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ እንደገና የሚያሠለጥነኝ ጋሼ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቅጣት ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ ግን ጋሼ ነውና በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ነጩ ካርድስ?» አለ። «የጓሮው በርስ?»

«ጋሼ፣ ለዛሬ በቃን» አለው ኃላፊው፣ ፈገግ ብሎ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። «ይጻፉልኝ» አለችው። «በዚህ ጊዜ መልሱን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ደረጃውን ስንወርድ መሀል ላይ አስቆምኩት። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «እጄን አይተኸኛል» አልኩት። «አረንጓዴውን ስጫን አይተኸኛል። አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ነበርክ። ለምን ዝም አልክ?»

ጋሼ የደረጃውን ብረት ያዘ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ማስረጃ አምጣ አሉኝ» አለ። «ይህ ነገር የጎበዝ ሰው ዓይን ያጠፋል ስል፣ ማስረጃህ የት አለ ይሉኛል። ያን ቀን እግዜር ማስረጃውን እጄ ላይ ጣለልኝ። ቀና ብዬ ሳይ አንቺ ነሽ። ምን ላድርግ? በአንቺ ልከራከር?»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ያልፋል፣ ግድ አልነበረኝም። ጋሼ አጠገቤ ተቀመጠ። ኪሱን ዳብሶ መሀረብ አጣና የተተኮሰውን የሸሚዙን እጅጌ ዘረጋልኝ። ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከጧት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች።

«ምን አሉህ?» ስትል እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ምሳ አቅርቢ» አላት። «ከእህትሽ ጋር እየመጣን ነው፤ ልጇንም ከትምህርት ቤት ይዘናት እንመጣለን። ሁላችንም እንበላለን።»